ከምግብ ጠረጴዛ ላይ የተፈታ ምስጢር፦ ዶክተር ጃኔት ራውሊና የደም ካንሰር ዘረመል

የአርባ ዓመት ጎልማሳ ነው። ክብደቱ ቀንሷል፤ ሌሊት ሌሊት ላብ ያጠምቀዋል፤ ጥቂት ሲቀምስ ሆዱ ይሞላል። ሐኪሙ ሆዱን ሲዳስስ ከግራ ጎድኑ ሥር ተነሥቶ እስከ እምብርቱ የወረደ ጠንካራ ጣፊያ ያገኛል። በአገራችን የሠለጠነ ሐኪም በዚህ ጊዜ አስቀድሞ የሚያስበው ወባን፣ ካላዛርን ወይም ብልሃርዝያን ነው፤ ማሰቡም ተገቢ ነው። የደም ቆጠራው ውጤት ሲመጣ ግን አንዳንድ ጊዜ ነገሩ ሌላ ሆኖ ይገኛል። በጤነኛ ሰው አንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ4,000 እስከ 11,000 የሚቆጠሩት ነጭ የደም ሕዋሳት ከ100,000 በላይ ሆነው ይወጣሉ። በሽታው ክሮኒክ ማየሎይድ ሉኬሚያ ይባላል።

ይህ ሕመም ከሌሎች ካንሰሮች ሁሉ ቀድሞ ከአንድ የተወሰነ የክሮሞዞም ጉድለት ጋር በቋሚነት የተያያዘ ነው። ጉድለቱን መጀመሪያ ያዩት ሁለት የፊላደልፊያ ሰዎች ነበሩ፤ ምን እንደሆነ የገለጹት ደግሞ በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ ይሠሩ የነበሩ የአራት ልጆች እናት፣ የቺካጎዋ ሐኪም ጃኔት ራውሊ ናቸው። ብዙ ጊዜ ሁለቱ ግኝቶች ተደባልቀው ሲነገሩ ይሰማል። በመካከላቸው ግን 13 ዓመታት አሉ፤ የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይም በእነዚያ 13 ዓመታት ውስጥ የሆነው ነው። (በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነጩ ደም

በ1845 በኤዲንብራ ጆን ሂዩዝ ቤኔት፣ በበርሊን ደግሞ ሩዶልፍ ቪርኾ ጣፊያቸው እጅግ አብጦ የሞቱ ሕመምተኞችን አስከሬን መርምረው ደማቸው ተፈጥሯዊ ቀለሙን እንዳጣ በየፊናቸው ዘገቡ። ቤኔት ደሙ መግል የያዘ መስሏቸው ነበር። ቪርኾ ግን ነገሩን ሳይተረጉሙ ያዩትን ብቻ በመያዝ «ነጭ ደም» አሉት፤ በ1847 ይህንኑ ወደ ግሪክኛ መልሰው ሉኬሚያ የሚለውን ስም አወጡለት። ከዚያ በኋላ ለአንድ መቶ ዓመት ያህል ሐኪሞች የነበራቸው መሣሪያ አርሴኒክ፣ ቀጥሎም በጣፊያ ላይ የሚለቀቅ ጨረር ነበር። ቡሱልፋን የተባለው መድኃኒት በ1953 ተጨመረ። እነዚህ ሁሉ የሕዋሳቱን ቁጥር ቀንሰው ሕመምተኛውን ለጊዜው ያሳርፉት ነበር እንጂ የበሽታውን ጉዞ አያቋርጡም። ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ በሽታው ወደ አጣዳፊ ሉኬሚያ ይለወጣል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የሚቆጠረው በወራት ነበር።

ካንሰር ከክሮሞዞም መዛባት ሊነሣ ይችላል የሚለው ሐሳብ አዲስ አልነበረም። ጀርመናዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ቴዎዶር ቦቬሪ በባሕር ጃርት እንቁላል ላይ ካደረጉት ምርምር ተነሥተው በ1914 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህንኑ ተናግረው ነበር። ይሁን እንጂ የሰውን ክሮሞዞም በትክክል መቁጠር እንኳ አልተቻለም። ቁጥሩ 48 ነው ተብሎ ለሠላሳ ዓመታት ያህል ሲጻፍ ቆይቶ፣ 46 መሆኑ የታወቀው በ1956 በስዊድን ሉንድ ከተማ በጆ ሂን ቲዮና በአልበርት ሌቫን ሥራ ነው።

በዚያው ዘመን በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ፒተር ኖዌል የተባሉ ወጣት የፓቶሎጂ ሐኪም የሉኬሚያ ሕዋሳትን በመስታወት ላይ እያሳደጉ ያጠኑ ነበር። ስለ ክሮሞዞም የሚያውቁት ነገር እምብዛም ነበር። አንድ ቀን መስታወቱን በጊምሳ ከማቅለማቸው በፊት በቧንቧ ውኃ አለቀለቁት። ጨው አልባው ውኃ ወደ ሕዋሳቱ ገብቶ ቢያሳብጣቸው በውስጣቸው ተጨብጠው የነበሩት ክሮሞዞሞች ተበታትነው ታዩ። ኖዌል ያዩትን የሚያነብላቸው ሰው ሲያፈላልጉ በከተማው የካንሰር ምርምር ተቋም ለዲግሪ ማሟያቸው የክሮሞዞም ጥናት ይሠሩ የነበሩትን ዴቪድ ሃንገርፎርድን አገኙ። በሕመምተኞቹ ሕዋሳት ውስጥ ከሌሎቹ ሁሉ ያነሰች አንዲት ክሮሞዞም መኖሯን ያስተዋሉት እኚህ ሰው ናቸው። ሁለቱ በ1960 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ባወጡት አጭር ማስታወሻ በሰባት ሕመምተኞች ላይ እንዳገኟት ገለጹ። ትንሿ ክሮሞዞም በተገኘችበት ከተማ ስም ፊላደልፊያ ተባለች።

የብዙዎች ተስፋ እያንዳንዱ ካንሰር የራሱ ምልክት ያለው ክሮሞዞም ይገኝለታል የሚል ነበር። አልተገኘም። በዚያን ጊዜ የነበረው የማቅለም ዘዴ ክሮሞዞምን ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ቀለም ስለሚያስይዘው፣ አንዱን ከሌላው መለየት የሚቻለው በርዝመቱና በወገቡ አቀማመጥ ብቻ ነበር። ስለዚህም በሰባት ቡድን ይመደቡ ነበር እንጂ እያንዳንዳቸው አይታወቁም። በሌሎች ሉኬሚያዎች የሚታየው መዛባት ከሕመምተኛ ሕመምተኛ የተለያየ መሰለ። ከዚህ የተነሣ በስድሳዎቹ ዓመታት መጨረሻ የክሮሞዞም መዛባት የካንሰር ውጤት እንጂ መንስኤ አይደለም የሚለው አመለካከት በረታ። ትንሿ ክሮሞዞምም የጎደላትን ቁራጭ ጥላ የቀረች፣ ምክንያቷ ያልታወቀ ብቸኛ ጉዳይ ሆና ቀረች።

የሦስት ቀን ሠራተኛ

ጃኔት ዴቪሰን በ1925 በኒውዮርክ ተወልደው በሁለት ዓመታቸው ከወላጆቻቸው ጋር ወደ ቺካጎ መጡ። ገና በ15 ዓመታቸው የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ለላቁ ተማሪዎች በከፈተው ልዩ መርሐ ግብር የነጻ ትምህርት ዕድል አገኙ። በ19 ዓመታቸው ለሕክምና ትምህርት ቤቱ ቢመረጡም ወዲያው አልገቡም። 65 ተማሪዎች በሚይዘው ክፍል ለሴቶች የተፈቀደው ቦታ ሦስት ብቻ ነበረና፣ ሦስቱም ስለተያዙ ዘጠኝ ወር ጠበቁ። በ1948 ተመረቁ፤ በማግሥቱም የሙያ ባልደረባቸውን ዶክተር ዶናልድ ራውሊን አገቡ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ስለ ታላላቅ ተመራማሪዎች በሚጻፉ ታሪኮች ውስጥ ብዙውን ጊዜ በአንድ መስመር የሚታለፉ ናቸው። አራት ወንዶች ልጆች ወለዱ። በእነዚህ ዓመታት ሐኪምነታቸውን ሳይተዉ በሳምንት ጥቂት ቀን ብቻ በሕፃናት ጤና ክትትል ክሊኒኮች፣ ከ1955 ጀምሮ ደግሞ በቺካጎ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለባቸውን ልጆች በሚያክም ተቋም ሠሩ። ከሚያክሟቸው ልጆች ብዙዎቹ ዳውን ሲንድሮም ነበረባቸው። በ1959 ዤሮም ለዥንና ባልደረቦቻቸው በፓሪስ የዚህ ሁኔታ ምክንያት አንዲት ትርፍ 21ኛ ክሮሞዞም መሆኗን ሲያስታውቁ፣ ዶክተር ራውሊ ዘወትር ከሚያዩአቸው ልጆች በስተጀርባ በማይክሮስኮፕ የሚታይ ምክንያት እንዳለ ተረዱ። ወደ ክሮሞዞም የመራቸው ይህ ነው። እንግዲህ «ከምርምር የራቁ» የሚባሉት ዓመታት ጥያቄውን የሰጧቸው ዓመታት ነበሩ ማለት ነው።

በ1961 ባለቤታቸው የምርምር ፈቃድ አግኝተው ወደ ኦክስፎርድ ሲሄዱ እርሳቸውም አብረው ሄደው በቸርችል ሆስፒታል ከላስሎ ላይታ ዘንድ የደም ሕዋሳትን ማሳደግና በጨረር አመንጪ ታይሚዲን አማካይነት የክሮሞዞምን መባዛት መከታተል ተማሩ። በቀጣዩ ዓመት ቺካጎ ሲመለሱ ወደ ቀድሞው ክሊኒክ ለመመለስ ልባቸው አልፈቀደም። የደም ሕክምና ሊቅ ወደሆኑት ወደ ዶክተር ሊዮን ጃኮብሰን ዘንድ ሄደው ሦስት ነገር ጠየቁ፤ የጀመሩትን ጥናት የሚጨርሱበት ጥግ፣ በሳምንት ጥቂት ቀን ብቻ የመሥራት ፈቃድ፣ ለልጆቻቸው ሞግዚት የሚከፍሉበት ደመወዝ። ምንም ዓይነት የታተመ ጥናት አልነበራቸውም። ጃኮብሰን ግን አንድ ማይክሮስኮፕ፣ ጥቂት ሥፍራና በዓመት 5,000 ዶላር ሰጧቸው። እኔ እንደማምነው በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሚመሰገኑት ውሳኔዎች አንዱ ይህ ነው። ዛሬ በየትኛውም አገር ያለ የምርምር ቦርድ እንዲህ ያለውን ማመልከቻ ቢያይ ምን ብሎ እንደሚመልስ ለመገመት አያዳግትም።

ጃኮብሰን ከሉኬሚያ በፊት ባለው የመቅኔ መታወክ የሚሠቃዩ ሕመምተኞቻቸውን ክሮሞዞም እንዲያዩላቸው ጠየቋቸው። ዶክተር ራውሊም ተመለከቱ። ወደ አሥር ለሚጠጋ ዓመት ያህል ያዩት፣ ሌላውም ተመራማሪ ያየው የተመሰቃቀለ ነገር ነበር፤ እዚህ አንድ ትርፍ፣ እዚያ አንድ ጎደሎ፤ የትኛዋ ክሮሞዞም እንደሆነች ግን ለይቶ መናገር አይቻልም።

መቀስና ፎቶግራፍ

መፍትሔው የመጣው ከቀለም ነው። በ1970 በስቶክሆልም ቶርብዮርን ካስፐርሰንና ሎሬ ዜክ፣ ክሮሞዞምን በኪናክሪን ዝርያ ቀልመው በልዩ ብርሃን ሲያዩት ደማቅና ደብዛዛ መስመሮች እንደሚታዩበት አስታወቁ። ኪናክሪን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮች ይወስዱት የነበረ የወባ መድኃኒት ነው። የመስመሮቹ አሰላለፍ ለእያንዳንዱ ክሮሞዞም የተለየ በመሆኑ 46ቱም ክሮሞዞሞች ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰው ፊት የሚለዩ ሆኑ። ዶክተር ራውሊ በ1970 እንደገና ከባለቤታቸው ጋር ኦክስፎርድ ሄደው ይህንኑ ዘዴ ተማሩ። በሚቀጥለው ዓመት ቺካጎ ሲመለሱ በመሣሪያው አስቀድመው ባወቋቸው ሕመምተኞች ሕዋሳት ላይ ሞከሩት።

የኪናክሪን ብርሃን ቶሎ ይደበዝዛል። ስለዚህ ሕዋሱ ፎቶግራፍ ይነሣል፣ ፎቶግራፉ ይታጠባል፣ ከዚያም እያንዳንዱ ክሮሞዞም በመቀስ ተቆርጦ ከጥንዱ አጠገብ ይደረደራል። ይህ ሥራ ጸጥታና ሰፊ ጠረጴዛ ይፈልጋል። ሁለቱም በቤታቸው ስላሉ ዶክተር ራውሊ ፎቶግራፎቹን ይዘው እየገቡ በምግብ ጠረጴዛቸው ላይ መቁረጥ ጀመሩ። ልጆቻቸው እናታችን በወረቀት አሻንጉሊት እየተጫወተች ደመወዝ ይከፈላታል እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር።

በ1972 አጣዳፊ ማየሎይድ ሉኬሚያ ከያዛቸው ሕመምተኞች መካከል አንዱን ሲደረድሩ ከ8ኛው ክሮሞዞም ጫፍ ቁራጭ ጎድሎ፣ በ21ኛው ላይ ቁራጭ ተጨምሮ አዩ። ቀጥሎ በሌላ ሕመምተኛ ላይም ያንኑ አገኙ። ቁራጮቹ ቦታ ተለዋውጠው ነበር። ጽሑፉን ለታወቀ የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ላኩ፤ አልተቀበላቸውም። በመጨረሻ የታተመው በአንድ አነስተኛ የፈረንሳይ የዘረመል መጽሔት ላይ ነው።

በዚያው ዓመት ወደ ክሮኒክ ማየሎይድ ሉኬሚያ ዞሩ። ትንሿ ክሮሞዞም 22ኛዋ መሆኗ በአዲሱ የማቅለም ዘዴ ታውቆ ነበር። ሁሉም ሰው ዓይኑን የጣለው በእርሷ ላይ ነው። ዶክተር ራውሊ ግን ሌሎቹንም ክሮሞዞሞች አንድ በአንድ ደርድረው ነበርና ሌላ ነገር ተመለከቱ፤ ከሁለቱ የ9ኛ ክሮሞዞሞች አንዷ ከጫፏ ላይ ደብዛዛ ቁራጭ ተጨምሮላት ከጓደኛዋ ትረዝማለች። የተጨመረው ቁራጭ መጠን ከ22ኛዋ ከጎደለው ጋር የሚቀራረብ ነው። የጠፋ ነገር አልነበረም! ለ12 ዓመታት ጎድሏል ሲባል የኖረው ቁራጭ ከማይክሮስኮፑ ሥር ከዚያው ሕዋስ ሳይወጣ በሌላ ክሮሞዞም ላይ ተለጥፎ ይታይ ነበር።

በሌሎች ሕመምተኞችም ላይ ደጋግመው አረጋገጡ። ኪናክሪን ብቻውን እንዳያሳስት ጊምሳንም ጨመሩ፤ በየጤና ጣቢያችን የወባን ተሕዋስ የምንፈልግበት ያው ጊምሳ ነው። ኔቸር የተባለው መጽሔት መጀመሪያ ጽሑፉን መለሰባቸው። ተጨማሪ ሕመምተኞችን አካተው ሲልኩት ሰኔ 1 ቀን 1973 ታተመ። ደራሲዋ እርሳቸው ብቻ ነበሩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መነገር አለበት። የምግብ ጠረጴዛው ታሪክ የሚወደድ ታሪክ በመሆኑ አንዳንድ ጊዜ ሳይንስ በመቀስና በትዕግሥት ብቻ የሚሠራ ያስመስለዋል። ከጠረጴዛው በፊት ሁለት የኦክስፎርድ ዓመታት ነበሩ፤ የፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ነበረ፤ መቅኔያቸው እየተወሰደ የሚመረመር ሕመምተኞች የሞሉበት የደም ሕክምና ክፍልና ውጤት ሳይጠይቅ ለአሥር ዓመት ደመወዝ የከፈለ አለቃ ነበረ። ዶክተር ራውሊ ራሳቸው በኋለኛው ዘመናቸው አጥብቀው ይከራከሩበት የነበረው ነጥብ ይኸው ነው፤ አስቀድሞ የተነደፈ መላ ምት የሌለው፣ በምልከታ ላይ ብቻ የተመሠረተ ምርምር ገንዘብ ሰጪዎች ዘንድ ዋጋ እያጣ መሄዱ ያሳዝናቸው ነበር።

ከክሮሞዞም ወደ ክኒን

ግኝቱ ወዲያው አላሳመነም። ዶክተር ራውሊ በየስብሰባው እየሄዱ የክሮሞዞም ልውውጥ የሉኬሚያ መነሻ መሆኑን ሲሰብኩ የደም ሐኪሞች የሚያዳምጧቸው በትሕትና ፈገግታ እንጂ በእምነት እንዳልነበረ ተናግረዋል። ክርክሩን ያዘነበለው የማስረጃ ብዛት ነው። በ1976 ሎሬ ዜክና ባልደረቦቻቸው፣ ዴኒስ በርኪት በኡጋንዳ ሕፃናት መንጋጋ ላይ ባዩት ሊምፎማ ውስጥ የ8ኛና የ14ኛ ክሮሞዞሞችን ልውውጥ አገኙ። በ1977 ዶክተር ራውሊ፣ ሃርቪ ጎሎምብና ሻርሎት ዶገርቲ አጣዳፊ ፕሮማየሎሳይቲክ ሉኬሚያ በተባለውና ሕመምተኛውን በደም መፍሰስ በሚገድለው ዓይነት የ15ኛና የ17ኛ ክሮሞዞሞችን ልውውጥ ገለጹ። አንድ ዓይነት ልውውጥ አንድ ዓይነት በሽታን ተከትሎ የሚመጣ ከሆነ በአጋጣሚ የተፈጠረ ፍርስራሽ ሊሆን አይችልም።

የመጨረሻው ዓይነት ታሪክ ለብቻው ሊጻፍ የሚገባው ነው። ቻይናውያን ሐኪሞች በ1988 ከሻንጋይ ባወጡት ዘገባ ከቫይታሚን ኤ የሚመነጨውን ትሬቲኖይን ለ24 ሕመምተኞች ሰጥተው ሁሉም ከበሽታው ምልክት መንጻታቸውን አስታወቁ፤ ከ24ቱ አንዱ ብቻ ተጨማሪ መድኃኒት አስፈልጎት ነበር። ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ በ17ኛው ክሮሞዞም መቆረጫ ላይ የተገኘው ጂን የዚያው የቫይታሚን ኤ ውጤት ተቀባይ ሆነ። ከዚህም በላይ ከሐርቢን ከተማ የመጣ ልምድ አርሴኒክ ለዚሁ በሽታ ፍቱን መሆኑን አሳየ። ከመቶ ዓመት በፊት በጭፍን ይሰጥ የነበረው መርዝ ቦታው ተገኝቶለት ተመለሰ። ዛሬ አደጋቸው ዝቅተኛ የሆኑ ሕመምተኞች አብዛኞቹ በሁለቱ ብቻ፣ ያለ ተለመደው ኬሞቴራፒ ይድናሉ።

ወደ ትንሿ ክሮሞዞም እንመለስ። በ1982 ኤቢኤል የተባለው ጂን ከ9ኛው ወደ 22ኛው ክሮሞዞም መዛወሩ ታወቀ። በ1984 በ22ኛው ላይ ያለው መቆረጫ ሥፍራ ቢሲአር ተባለ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሁለቱ ተዋሕደው አንድ እንግዳ ፕሮቲን እንደሚያስገኙ ተገለጸ። ኤቢኤል በተፈጥሮው ታይሮሲን ካይኔዝ የሚባል ኢንዛይም ያስገኛል። ሥራው ሕዋሱን ተባዛ ማለት ሲሆን፣ ትእዛዙን የሚሰጠውም የሚያቆመውም በቁጥጥር ነው። ከቢሲአር ጋር ሲጣበቅ ግን መቆጣጠሪያው ይሰናከልና ሌት ተቀን ተባዛ፣ ተባዛ እያለ ይኖራል። በ1990 ጆርጅ ዴሊ፣ ሪቻርድ ቫን ኤተንና ዴቪድ ባልቲሞር ይህን ጂን ወደ አይጦች መቅኔ አስገብተው ተመሳሳይ ሉኬሚያ ሲያስይዟቸው የመንስኤና የውጤት ክርክር አከተመ። ልውውጡ የሚፈጠረው ሰውየው ከተወለደ በኋላ በአንዲት የመቅኔ ሕዋስ ውስጥ ስለሆነ ከወላጅ አይወረስም፤ ወደ ልጅም አይተላለፍም። ይህንን ለሕመምተኛው ቤተሰብ በግልጽ መንገር ከብዙ ሐሜትና ከብዙ የጋብቻ መፍረስ ያድናል።

በስዊዘርላንድ ባዝል ከተማ ኒኮላስ ላይደንና ባልደረቦቻቸው ይህንን ኢንዛይም የሚዘጋ ንጥረ ነገር ሲሠሩ፣ በአሜሪካ ፖርትላንድ ዶክተር ብራያን ድሩከር በሕመምተኞች ሕዋሳት ላይ ፈተኑት። የበሽታው ተጠቂዎች ጥቂት ናቸውና አምራቹ ለረጅም ጊዜ አመንትቶ ነበር። የመጀመሪያው ሕመምተኛ መድኃኒቱን የወሰደው በሰኔ 1998 ነው። በ2001 በወጣው ዘገባ፣ ሌላ ሕክምና ያልሠራላቸውና በቀን 300 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ከወሰዱት 54 ሕመምተኞች መካከል የ53ቱ ደም ወደ ጤናማ ሁኔታው ተመልሶ ነበር። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ኢማቲኒብ በአሜሪካ ተፈቀደ። በ2017 የታተመው የረጅም ጊዜ ክትትል፣ ሕክምናውን በኢማቲኒብ ከጀመሩት ውስጥ ከ83 በመቶ በላይ የሚሆኑት ከአሥር ዓመት በኋላ በሕይወት መኖራቸውን አሳይቷል።

ዶክተር ራውሊ ይህን ሁሉ ለማየት በቅተዋል። በ1998 ከፒተር ኖዌልና ከአልፍሬድ ክነድሰን ጋር የላስከር ሽልማትን፣ በ2009 የአሜሪካን ፕሬዚዳንታዊ የነጻነት ሜዳይ፣ በ2012 ከድሩከርና ከላይደን ጋር የጃፓን ሽልማትን ተቀበሉ። ሰማንያ ዓመት አልፏቸውም በብስክሌት ወደ ቤተ ሙከራቸው ይመላለሱ ነበር። በታኅሣሥ 2013 በ88 ዓመታቸው በማኅፀን እንቁላል ማፍሪያ ካንሰር ምክንያት አረፉ። ከእርሳቸው ሽልማቶች ይልቅ ሁልጊዜ የሚታወሰኝ ሃንገርፎርድ ናቸው፤ ትንሿን ክሮሞዞም መጀመሪያ ያዩት ዓይኖች የእርሳቸው ሆነው ሳለ በ1993 ሲሞቱ ክኒኑ ገና በሰው ላይ አልተሞከረም ነበር።

ክኒኑና ምርመራው በአገራችን

ኢማቲኒብ ሲወጣ ዋጋው በአሜሪካ በወር ከ2,000 ዶላር በላይ ነበር። በአገራችን ሕመምተኛ አቅም ይህ እንደሌለ የሚቆጠር መድኃኒት ነው። ይሁን እንጂ አምራቹ ኖቫርቲስ ከማክስ ፋውንዴሽን ጋር ባቋቋመው ዓለም አቀፍ የነጻ ዕርዳታ መርሐ ግብር ኢትዮጵያም ታቅፋ፣ ሕመምተኞች በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል መድኃኒቱን ያለ ክፍያ ሲያገኙ ቆይተዋል። በምዕራቡ ዓለም በሽታው በአብዛኛው የሚታየው በስድሳዎቹ ዕድሜ ሲሆን፣ ከአፍሪካ አገሮች የሚወጡ ዘገባዎች ግን በሠላሳዎቹና በአርባዎቹ ዕድሜ ያሉ ሰዎችን ያሳያሉ። እንግዲህ ክኒኑ የሚያተርፈው አራሹን፣ አስተማሪዋን፣ የትንንሽ ልጆችን እናትና አባት ነው።

ችግሩ ክኒኑን ለማግኘት የበሽታውን ማንነት ማረጋገጥ ማስፈለጉ ነው። መርሐ ግብሩ ትንሿ ክሮሞዞም ወይም የተዋሐደው ጂን በምርመራ መገኘቱን ይጠይቃል፤ ጥያቄውም ትክክል ነው፤ ልውውጡ በሌለበት ሰው ላይ መድኃኒቱ አይሠራምና። የተወሳሰበውን ምርመራ መሥራት የሚችል ቤተ ሙከራ ግን ከነጻው ክኒን ይልቅ ብርቅ ነበር። ለሳንባ ነቀርሳ በየሆስፒታሉ የምናውቀው የጂን ኤክስፐርት መሣሪያ ለቢሲአር ኤቢኤልም የሚሆን ካርትሪጅ እንዳለው ሁሉም ሐኪም አያውቅም። ያበጠ ጣፊያ ይዞ ወደ አውራጃ ሆስፒታል የመጣ ሰው የደም ቆጠራ ሳይታዘዝለት የወባ መድኃኒት ይዞ ከተመለሰ፣ ከቺካጎ እስከ ባዝል የተሠራው ሁሉ ለእርሱ አልተሠራም።

ምርመራው አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያበቃም አይደለም። በ2010 በለንደን ሐመርስሚዝ ሆስፒታል በ87 ሕመምተኞች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ከታዘዘላቸው ክኒን 90 በመቶና ከዚያ በታች የወሰዱት ሰዎች ውጤት እጅግ ዝቅተኛ መሆኑን አሳይቷል። ክኒኑ ከምግብ ጋር የሚወሰድ በመሆኑ በጾም ወራት ሰዓቱን ማዛወር ይቻል እንደሆነ የሚጠይቅ ሕመምተኛ መልስ ይፈልጋል፤ ይቻላል፣ ሊቋረጥ ግን አይቻልም። ለመውለድ የምታስብ ወጣት ሴትም ክኒኑ ጽንስን የሚጎዳ መሆኑን ከማርገዟ በፊት ልትሰማ ይገባታል። አንዳንዶች ደግሞ በትክክል እየወሰዱም በተዋሐደው ጂን ላይ አዲስ ለውጥ ስለሚፈጠር መድኃኒቱ መሥራቱን ያቆማል። በኢትዮጵያውያን ሕመምተኞች ላይ እነዚህ ለውጦች የትኞቹ እንደሆኑ የጥቁር አንበሳ ሐኪሞች በሲያትል ከሚገኙት ከዶክተር ጄራልድ ራዲች ጋር አጥንተው በ2021 አሳትመዋል።

የሲያትሉ ቤተ ሙከራ ማቀዝቀዣና ፈጣን ማጓጓዣ ለሌላቸው አገሮች ያዘጋጀው ዘዴ ቀላል ነው። ጥቂት የደም ጠብታ በወረቀት ካርድ ላይ ይደረጋል፤ ካርዱ ይደርቃል፤ በፖስታም ይላካል። ከደረሰ በኋላ በደረቀው ደም ውስጥ የሚፈለገው፣ ከ9ኛውና ከ22ኛው ክሮሞዞም የመጡት ሁለት ጂኖች የተጋጠሙበት ሥፍራ ነው።